ሊኑክስ ሚንትን ሳትጭኑ ቅመሱት

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። 5ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ አንዱ ማጠፊያው በሱፐር ግሉ የተያዘ። ግን ያገለግላል። የእድራችንን ሒሳብ የምይዘው በእሱ ነው፤ ደብዳቤ የምጽፈውም፣ ማታ ማታ ዩቲዩብ የማየውም በእሱ ነው። ከዚያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ አበቃ። ወደ 11 ልሻገር ብል አይሆንም። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ የኢንቴል ከሆነ ደግሞ ባጠቃላይ ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያለ ፕሮሰሰር። «አዲስ ግዛ» ያሉኝ ነበሩ። የላፕቶፕ ዋጋ ዘንድሮ የት እንደደረሰ ያልጠየቁ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ሊኑክስ ሚንት 22.2 የሚባል ሲስተም ሞከርኩ። የወጣው በሴፕቴምበር 2025 ነው፤ ቅጽል ስሙ ዛራ። የተሠራው ኡቡንቱ 24.04 በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ነው፣ የደህንነት ማሻሻያ እስከ 2029 ይመጣለታል፣ ነፃ ነው። በ2 ጊጋ ራም ይነሳል ይባላል፤ በምቾት ለመሥራት ግን 4 ይሻላል።

አዲስ ነገር ስንሞክር አብዛኞቻችን የምንሠራው ስህተት ግን አንድ ነው። ወይ አሥር ደቂቃ እናየውና ስለ ግድግዳ ፎቶው እናወራለን፣ ወይ ደግሞ ዘለን እንጭነዋለን። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። ከዓመታት በፊት አንድ ሌላ ሲስተም ልሞክር ብዬ «ዲስኩን አጥፋና ጫን» የሚለውን በችኮላ ተጫንኩ፤ የእህቴ ሰርግ ፎቶ በሙሉ አብሮ ሄደ። እስካሁን ቤተሰብ ሲሰበሰብ ይነሳል። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የጣቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም አዲስ ነገር በፍላሽ ሳልቀምስ ወደ ሃርድ ዲስኬ አላስገባም። ሲስተሙ ሳይጫን ከፍላሹ ላይ ይነሳል፤ አቀማመሱን ልንገራችሁ።

ፍላሹ

8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ያላችሁን እውነተኛ ፍላሽ ተጠቀሙ፤ 64 ጊጋ ተብሎ ተሸጦ ግማሽ ሳይሞላ ፋይል የሚበላውን ዓይነት አትመኑት። ፍላሹ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋል። ሁሉ ስል ሁሉ ነው። መጀመሪያ ያለበትን ወደ ስልካችሁ ቅዱት፤ ቦታ ከሌለ ወደ ሌላ ቦታ።

ከሚንት ድረ ገጽ የሚወርደው፣ ሲስተሙን በሙሉ የያዘው አይኤስኦ ፋይል ወደ 3 ጊጋ ይጠጋል። የሌሊት ጥቅል ካላችሁ ማታ አስጀምሩትና ተኙ። በቶረንት ማውረድ ይሻላል፤ መብራት ሄዶ ወይም ኔትወርክ ተቋርጦ ቢቆም ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከዜሮ አይጀምርም። ሦስት ዓይነት አለ፦ ሲናመን፣ ማቴ እና ኤክስኤፍሲኢ። ልዩነቱ መልኩና ክብደቱ ላይ ነው። ሲናመን ቆንጆው ነው፤ ራማችሁ 8 ጊጋ ከሆነ እሱን ውሰዱ። እንደኔ 4 ላይ ላላችሁ ኤክስኤፍሲኢ ቀለል ይላል።

ፋይሉን ከጓደኛ በፍላሽ ብትቀበሉም ችግር የለውም፤ እንዲያውም ብር ይቆጥባል። ግን አረጋግጡት። በሚንት ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ 256 የሚባል ባለ 64 ፊደልና ቁጥር አሻራ ተቀምጧል። ሰቨን ዚፕ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ፋይሉን ቀኝ ክሊክ ስታደርጉ ይሄንኑ የሚያሰላ ምርጫ ታገኛላችሁ። ሁለቱ መመሳሰል አለባቸው። 64ቱንም በዓይን ማመሳከር ሞት ነው፤ አንዱን ኮፒ አድርጋችሁ በሌላው ውስጥ ፈልጉት። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ወይ በመንገድ ተበላሽቷል ወይ ሰው ነክቶታል፣ ጣሉት።

ፍላሹ ላይ ለመጻፍ ኤቸር ወይም ሩፈስ የሚባል ፕሮግራም ይሠራል። ፋይሉን ዝም ብሎ ፍላሹ ላይ ኮፒ ማድረግ አይሠራም፤ ይሄን ስንቴ እንዳስረዳሁ! ኤቸር ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፦ ፋይሉን ምረጥ፣ ፍላሹን ምረጥ፣ ጻፍ። ሁለተኛው ላይ ቆም በሉ። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ መጀመሪያ ንቀሉት፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። የላፕቶፓችሁ ባትሪ የሞተ ከሆነ ደግሞ መብራት በማይሄድበት ሰዓት አድርጉት።

ማስነሳት

ዊንዶውስን ስታጠፉ ሺፍት ቁልፍን ተጭናችሁ ያዙና ሻት ዳውን በሉ። ካልሆነ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ግማሽ ተኝቶ ነው የሚያድረው፤ ቶሎ ለመነሳት ብሎ ነው። በእንቅልፉ ላይ ሌላ ሲስተም ስታስነሱበት ዲስኩ ለንባብ ብቻ ይከፈታል ወይ እምቢ ይላል።

ከዚያ ፍላሹን ሰክታችሁ አብሩትና ወዲያው የማስነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ምቱ። ዴልና ሌኖቮ ላይ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ ኤስኬፕ፣ ቀጥሎ ኤፍ 9። ኤሰር ላይም ኤፍ 12 ነው፣ ግን አንዳንዱ ላይ መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው የኮምፒውተሩ ሴቲንግ) ገብቶ መፍቀድ ያስፈልጋል። ዊንዶውሱ ከቀደመና ካመለጣችሁ በኃይል አታጥፉት፤ እስኪነሳ ጠብቁና እንደገና።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ዲስካችሁ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ (የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው) ባዮስ ውስጥ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት የመክፈቻ ቁልፉን አግኙ። በኋላ ዊንዶውስ ሲነሳ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር አምጣ ብሎ ሊፋጠጣችሁ ይችላል።

ጥቁር ዝርዝር ይመጣል፤ የመጀመሪያውን ምረጡ። ስክሪኑ ጨልሞ ከቀረ እንደገና አስነሱና ኮምፓቲቢሊቲ ሞድ የሚለውን ሞክሩ። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ዴስክቶፑ ይመጣል። «ሊኑክስ ሚንት ጫን» የሚል አይኮን እዚያው ዴስክቶፑ ላይ አለ። እሱን አትንኩት። የሰርግ ፎቶውን አስታውሱ።

አሁን የራሳችሁን ሥራ ሥሩበት

ሲናመንም ሆነ ኤክስኤፍሲኢ ከታች ባር አላቸው፣ በግራ ጥግ ሜኑ፣ በቀኝ ሰዓትና ዋይፋይ። ዊንዶውስ የለመደ ሰው አይጠፋበትም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ መልኩን ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

ፍጥነቱን ግን በፍላሽ አትፍረዱ። ፍላሽ ከሃርድ ዲስክ ጋር ሲነጻጸር ኤሊ ነው። ፕሮግራም መጀመሪያ ስትከፍቱ ይንቀረፈፋል፣ ሁለተኛ ስትከፍቱት ይሻላል። ላፕቶፓችሁ ሰማያዊ ቀለም ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በእሱ ሰኩት፤ ዩኤስቢ 3 ነው። ሌላም ነገር አለ፦ በፍላሽ ሲነሳ የምትሠሩት ነገር የሚቀመጠው ራም ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በ4 ጊጋ ማሽን ላይ ፋየርፎክስን አሥራ አምስት ታብ ከፍታችሁበት ቢደርቅ ሲስተሙን አትሳደቡ።

ዋይፋዩን ሞክሩ። ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪን ብርሃን መቀነሻውን። ክዳኑን ዝጉና ክፈቱ፤ ተኝቶ ይነሳል ወይስ ተኝቶ ይቀራል? ይሄ ትንሽ ይመስላል፣ ግን በየቀኑ የምታደርጉት ነገር ነው። ዋይፋዩ ጭራሽ ካልታየ ስልካችሁን በገመድ አገናኙና ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ አጋሩት፣ ከዚያ ሜኑ ውስጥ ድራይቨር ማናጀርን ክፈቱ፤ አንዳንድ የዋይፋይ ካርድ የራሱን ድራይቨር ስለሚፈልግ ነው። የእኔ ያለ ምንም ጣጣ ሠራ። የጎረቤቴ ግን በስልክ ነው የተፈታው።

ቀጥሎ አማርኛ። ለእኔ ዋናው ፈተና እሱ ነው፤ አማርኛ የማይጻፍበት ኮምፒውተር ቴሌቪዥን ነው። መጀመሪያ ንባቡን እዩ። የአማርኛ ገጽ ስትከፍቱ በፊደል ፋንታ ሣጥን ሣጥን ካያችሁ ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤል የሚባለውን ፎንት ፈልጉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ለመጻፍ የሚያስፈልጋችሁ ፕሮግራም ስሙ አይባስ ነው። አዎ፣ አይባስ! ስም ያወጡለት ሰዎች እኛ ጋ ምን ማለት እንደሆነ አልሰሙም መሰለኝ፣ ግን ምርቃት ነው፣ አሜን ብለን እንቀበላለን። ሶፍትዌር ማናጀር ውስጥ አይባስን ኤም 17 ኤን ከሚባለው የብዙ ቋንቋ መጻፊያ ስብስብ ጋር የሚያገናኘውን ጥቅል (ibus-m17n) ጫኑ፣ ከዚያ ሜኑ ውስጥ ኢንፑት ሜተድ የሚለው ውስጥ አይባስን ምረጡ፣ ሎግ አውት ብላችሁ ተመለሱ፣ በመጨረሻ የአይባስ ምርጫ ውስጥ አማርኛ ብላችሁ ሴራ የሚለውን ጨምሩ። (ሴራ! ስሙ ሁሉ ዛሬ ተባብሮብናል። እሱ ግን ግዕዝን በላቲን ፊደል የመጻፊያ የቆየ ሥርዓት አህጽሮት ነው።) ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም ብላችሁ ስትመቱ «ሰላም» ይወጣል። «ሽ» በኤክስ ነው። ትልቁ ቲ «ጥ» ይሰጣል፣ ትልቁ ኤስ «ጽ»። እኔ በዊንዶውስ በሌላ ኪቦርድ ስለለመድኩ የመጀመሪያው ቀን «ጽሕፈት» ለማለት ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በሦስተኛው ቀን ጣቴ ራሱ ያውቀው ነበር።

አሁን የራሳችሁን ፋይል ክፈቱ። ናሙና አይደለም፣ ትናንት የሠራችሁበትን። ፋይል ማናጀሩ ውስጥ በግራ በኩል ዲስካችሁ ይታያል፤ ፋይሉን ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጉና ኮፒውን ክፈቱ። ከዲስኩ ላይ ማንበብና መቅዳት እንጂ መሰረዝ የለም።

የእድሩን መዝገብ በሊብሬ ኦፊስ ካልክ (የሚንት ኤክሴል በሉት) ከፈትኩት። ድምሩ ልክ ነው፣ የቀለም ምልክቱ ልክ ነው፣ ያልከፈሉት በቀይ እንደተሰመሩ ናቸው። ፎንቱ ግን ኒያላ ነበር። ኒያላ የዊንዶውስ ፎንት ስለሆነ እዚህ የለም፣ በሌላ ተተካ፣ ፊደሉ ትንሽ ሰፋ፣ በሁለት ገጽ የሚታተመው ዝርዝር ሦስት ገጽ ሆነ። ዓምዶቹን ጠበብ ሳደርግ ተመለሰ። ቀኖቹ ደግሞ እንደ ድሮው ናቸው፦ ጥቅምት 30ን 30/2/2018 ብዬ ስጽፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ቀን መሆኑን አያውቅም፣ እንደ ጽሑፍ ይቆጥረዋል። ኤክሴልም ያው ነበር። ስለዚህ አልተሻሻለም፣ አልባሰም።

የከበደው የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የተተየበው ዩኒኮድ ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እንደዚህ ያለ ፋይል ፎንቱ ከሌለ የላቲን ፊደልና የነጥብ ዝብርቅርቅ ሆኖ ነው የሚከፈተው፣ ሊኑክስም ይሁን ሌላ ዊንዶውስ። የእድሩ ዳኛ በዚያው ሰዓት ለሌላ ጉዳይ መጡና ከኋላዬ ቆመው አዩት።

«ልጄ፣ ደንባችንን ምን አደረግኸው?»

«ኧረ ጋሼ፣ አለ፤ ፎንቱ ነው።»

«ፎንቱን ተወውና ደንቡን አሳየኝ።»

ወደ ዊንዶውስ ተመልሼ አሳየኋቸው። እናንተ እንዲህ ያለ ፋይል ካላችሁ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ዛሬውኑ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ሊኑክስ ባትሞክሩም እንኳ።

ፕሪንተር ካላችሁ አንድ ገጽ አትሙ። እንጀራችሁ በፒችትሪ፣ በፎቶሾፕ ወይም በአውቶካድ ከሆነ ግን እዚህ ጋ አቁሙ። የተሠሩት ለሊኑክስ አይደለም፤ ዋይን በሚባል፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳ መሣሪያ በኩል እናስነሳለን የሚሉ አሉ፣ በሰው ደመወዝ ሒሳብ ላይ ግን አልሞክረውም። እነሱን ለያዘ ማሽን ዊንዶውሱ ይቆይ።

አንድ ሳልጠብቀው የወደድኩት ነገር አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የተመለሰ ፍላሽ ነበረኝ፣ ያ የታወቀው የሾርትከት ቫይረስ ይዞት ፎልደሮቹ በሙሉ ባለ ቀስት አይኮን የሆኑበት። ሚንት ላይ ስሰካው የተደበቁት እውነተኛ ፎልደሮች እንዳሉ ቁጭ ብለው ታዩኝ፣ አጠገባቸው ደግሞ የውሸት ሾርትከቶቹ። ቫይረሱ የተጠቀመበት የዊንዶውስ መደበቂያ ምልክት እዚህ አይሠራም፣ ቫይረሱም የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ አይነሳም። የራሴን ፋይል ቀዳሁ፣ ፍላሹን ፎርማት አደረግኩት። ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ ይሄን ፍላሽ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ያዋጣል።

ወረቀትና እስክርቢቶ

የተሰማችሁን ጻፉ፣ በወረቀት። በኮምፒውተሩ ላይ ብትጽፉት ስታጠፉት አብሮ ይጠፋል፤ በፍላሽ የተነሳ ሲስተም ሲዘጋ ሁሉን ይረሳል። የጫናችሁት ፎንት፣ ያስተካከላችሁት አይባስ፣ የዋይፋይ ፓስወርዱ፣ ሁሉም። እኔ አንድ ሰዓት የፈጀ ደብዳቤ ጽፌ ሪስታርት አድርጌዋለሁ። የምታስቀምጡትን ወደ ሌላ ፍላሽ ወይም በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ።

የእኔ ወረቀት የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ቅሬታ ነበረው። «ሲ ድራይቭ የት ገባ?»፣ «ፊደሉ ደቃቃ ነው»፣ «ሰዓቱ ተሳስቷል»፣ «ታች ያለው ባር ያስጠላል»፣ እንዲህ እንዲህ። ለሳምንት በየማታው እያስነሳሁ አንድ እውነተኛ ሥራ ሠራሁበት፣ መዋጮ መዘገብኩ፣ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ከልጄ ጋር ካርቱን አየን። በአምስተኛው ቀን ስምንቱን ሰርዣለሁ፤ ለካ ሲስተሙ ሳይሆን ልማዴ ነው ያናደደኝ። የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ኒያላ፣ የድሮው ደንብ፣ ክዳኑን ስዘጋ አንዳንዴ የሚቀረው እንቅልፍ። እነዚህን ሦስቱን ይዤ ነው የወሰንኩት እንጂ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ አይደለም። በስምንተኛው ቀን ከዊንዶውሱ ጎን ጫንኩት፤ አጫጫኑ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ስትጨርሱ

ሻት ዳውን በሉ፣ ፍላሹን ንቀሉ ሲላችሁ ንቀሉና ኢንተር ምቱ። ዊንዶውሳችሁ እንደነበረ ይነሳል።

ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ብታገኙት አትደንግጡ። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት እንደ ግሪንዊች ሰዓት ይወስደዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እንደ አገር ውስጥ ሰዓት፤ እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። የሰዓት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አሁን አስተካክል» የሚለውን ስትነኩ ይመለሳል። ሳታስተካክሉት የባንክ ገጽ ከከፈታችሁ ስህተት ሊያወጣባችሁ ይችላል።

ፍላሹን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩት ደግሞ ትንሽዬ ሆኖ ይታይ ወይም «ፎርማት ላድርገው?» ይላችሁ ይሆናል። አልተበላሸም። ሩፈስን ክፈቱ፣ የማያስነሳ የሚለውን ምርጫ ያዙ፣ ጀምር በሉ፤ 8 ጊጋው ይመለሳል። የእኔ ገና አልተመለሰም። ጎረቤቴ «ለአንድ ማታ» ብሎ ከወሰደው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።